የውኃ ቦቴው ሹፌር መዝገብ

በጎንደር ከተማ በጥብቅና በቆየሁባቸው ዓመታት ከእጄ የገቡት የወንጀል መዛግብት በአብዛኛው የድንበር ግፊ፣ የአካል ጉዳትና የትራፊክ አደጋ ጉዳዮች ናቸው። ከእነዚህ መካከል አንዱ በመልኩ ተራ የትራፊክ አደጋ ቢሆንም፣ አደጋው የደረሰው በሌላ አገር መሬት፣ ሹፌሩ የእኛ ወታደር፣ ሟቹ የዚያ አገር ሰው፣ መኪናው ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ምልክት የተጻፈበት በመሆኑ ከሌሎቹ ሁሉ ይለያል። የባለጉዳዩን ማንነት ላለመግለጽ የተልዕኮውን አገርና አንዳንድ ዝርዝሮችን ትቻለሁ፤ የሕጉ ክርክር ግን እንደነበረ ነው።

ባለጉዳዩ በሰላም አስከባሪ ሻለቃ ውስጥ የውኃ ቦቴ የሚያሽከረክር አሥር አለቃ ነበር። አንድ ምሽት ከጉድጓድ ውኃ ሞልቶ ወደ ካምፕ ሲመለስ ብስክሌት እየገፋ በመንገድ ዳር የሚሄድ ሰው ገጨ፤ ሰውዬው ወደ ተልዕኮው ክሊኒክ ቢወሰድም ሕይወቱ አለፈ። የአካባቢው ፖሊስ ፈጥኖ ደርሶ ሹፌሩን ያዘውና ወደ ጣቢያ ወሰደው። በማግስቱ የተልዕኮው ወታደራዊ ፖሊስና አንድ የአገናኝ መኮንን ጣቢያው ድረስ ሄደው በፊርማ ተረከቡት። ከዚያም ወደ አገር ቤት ተመለሰ፤ ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ወታደራዊ ዐቃቤ ሕግ በቸልተኝነት ሰው መግደል የሚል ክስ መሠረተበት።

ወደ ቢሮዬ የመጡት አዘዞ ላይ እህል የሚነግደው ታላቅ ወንድሙና ከደምቢያ በኩል የመጡት አርሶ አደር አባታቸው ነበሩ። ወንድምየው ገና ሳይቀመጥ በፕላስቲክ የተሸፈነ አንድ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና፣ ልጁ እዚያው ነፃ ተብሎ የተለቀቀበት ማስረጃ መሆኑን፣ በአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ መከሰስ እንደማይገባው፣ ለዚህም የሚጠየቀውን ሁሉ እንደሚከፍል ነገረኝ። ወረቀቱን አነበብኩት። ተጠርጣሪው ተልዕኮው ከአስተናጋጁ አገር ጋር በተፈራረመው የኃይሎች አቋም ስምምነት (በሰው አገር ያለ ጦር በማን ሕግና ፍርድ ቤት እንደሚዳኝ የሚወስን ውል) መሠረት ለተልዕኮው ወታደራዊ ፖሊስ መተላለፉን የሚገልጽ የርክክብ ደብዳቤ እንጂ፣ ስለ ጥፋተኝነቱም ሆነ ስለ ንጽሕናው አንድም ቃል የሌለበት ነበር። አባትየው እስከዚያ ድረስ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «ልጄ፣ እኔ የመጣሁት ለሌላ ነው። የሰው አገር ሄዶ ሰው ገድሎ መጣ፤ ደሙ አልደረቀም። ሽማግሌ የምልከው በየት በኩል ነው?» አሉኝ። ለሳቸው ጥያቄ የሚሆን መልስ በዚያን ዕለት አልነበረኝም፤ «አባቴ፣ ትንሽ ይታገሡኝና እጠይቅልዎታለሁ» አልኳቸውና ወደ መዝገቡ ገባሁ።

አብራኝ የምትሠራው ወጣት ጠበቃ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቃ የወጣች፣ ፈጣንና ንባብ የምትወድ ናት። በሳምንቱ መጨረሻ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ አርቅቃ አቀረበችልኝ። ረቂቁ በሁለት እግር የቆመ ነበር። አንደኛው እግር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 15 ነው። ይህ አንቀጽ የኢትዮጵያ መከላከያ ሠራዊት አባል በዚህ ሥራው በውጭ አገር ሳለ መደበኛ ወንጀል ቢፈጽምና እዚያው ቢያዝ፣ በዚያው አገር ሕግና በዚያው አገር ፍርድ ቤት እንደሚዳኝ ይደነግጋል። ወደ ኢትዮጵያ ሸሽቶ ከገባ ግን በአንቀጽ 21 ንዑስ አንቀጽ 2 መሠረት እዚህ ይዳኛል። የእኛ ሰው እዚያ ተይዞ ጣቢያ አድሯል፤ የመጣውም ሸሽቶ ሳይሆን መንግሥት አሳፍሮት ነው፤ ስለዚህ የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ሥልጣን የለውም የሚል ነበር ክርክሯ። ሁለተኛው እግር ደግሞ አሥር አለቃው በሥራ ላይ እንደነበረ የሚያሳየው የስምሪት ወረቀት ነው፤ በሥራ ላይ የተፈጸመ ድርጊት ያለመከሰስ መብት ያሰጣል ትላለች፤ ለዚህም የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን (ኔቶ) አገሮች ስለ ጦሮቻቸው አቋም በ1951 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የተፈራረሙትን ስምምነት ጠቅሳለች።

ረቂቁ በጥሩ አማርኛና በንጹሕ አመክንዮ የተጻፈ ስለነበር፣ ወንድምየው ሲያነበው ፊቱ በራ። ለእኔ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ በቂ ነበር፤ «ይህን መቃወሚያ ብንረታ፣ ልጁን የሚዳኘው ማን ሊሆን ነው?»

ረዳቴ ጥቂት አሰበችና፣ «ማንም» አለች። ወንድምየው ደስ አለው። እኔ ደግሞ የትኛውም ዳኛ መዳረሻው «ማንም» የሆነ ክርክር ሲቀርብለት ወዴት እንደሚያዘነብል ከችሎት ልምዴ አውቅ ስለነበር፣ ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጌ ነገሩን ከሥሩ አብረን እንድናየው ጠየቅኋት። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሌላ ባለጉዳይ አላስተናገድንም።

የባዕድ ጦር በፈቃድ የሰው አገር ሲገባ የአገሩ ፍርድ ቤት ሊዳኘው ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ክርክር አሮጌ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆን ማርሻል በ1812 እ.ኤ.አ. ስኩነር ኤክስቼንጅ በተባለችው መርከብ ጉዳይ በሰጡት ፍርድ፣ አንድ መንግሥት የሌላ መንግሥት ጦር በግዛቱ እንዲያልፍ ሲፈቅድ በዚያ ጦር ላይ ያለውን የዳኝነት ሥልጣን እንደተወ ይቆጠራል የሚል ሐሳብ አስፍረዋል። ጦር አልፎ መሄዱን ትቶ ለዓመታት መስፈር ሲጀምር ግን ይህ አስተሳሰብ ብቻውን አልበቃም። የ1951ዱ ስምምነት ያመጣው አዲስ ነገር ሥልጣኑን ማካፈሉ ነው፤ ሁለቱም አገሮች የሚቀጡት ድርጊት ከሆነ ሁለቱም ሥልጣን አላቸው፣ ቅድሚያው ግን ይለያያል። ወታደሩ በሥራ ግዴታው ላይ ሳለ ለፈጸመው ድርጊት፣ እንዲሁም በገዛ ጓዶቹ ወይም በገዛ መንግሥቱ ንብረት ላይ ለፈጸመው፣ ቅድሚያው የላኪው አገር ነው፤ በሌላው ሁሉ የአስተናጋጁ ነው። ቅድሚያ ያለው ወገን ለሌላው ሊተውለትም ይችላል።

እዚህ ላይ ለረዳቴ የጂራርድን ጉዳይ አነሳሁላት። ጥር 30 ቀን 1957 እ.ኤ.አ. በጃፓን ጉንማ ግዛት ባለ የተኩስ ልምምድ ሜዳ ላይ የጥይት ቀለህ እየለቀሙ የሚሸጡ ጃፓናውያን ነበሩ፤ ዊልያም ጂራርድ የተባለ የአሜሪካ ወታደር በጠመንጃው የቦምብ መተኮሻ ባዶ ቀለህ ወርውሮ የስድስት ልጆች እናት የነበሩ ሴት ገደለ። አሜሪካኖቹ መትረየስ እንዲጠብቅ ታዝዞ ስለነበር በሥራ ላይ ነው አሉ፤ ጃፓኖቹ ቀለህ በሰው ላይ መተኮስ የጥበቃ ሥራ አይደለም አሉ። በመጨረሻ የአሜሪካ መንግሥት ሥልጣኑን ለጃፓን ተወ፤ ወታደሩ በአገሩ ፍርድ ቤት ተከራክሮ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም በዚያው ዓመት ሐምሌ 11 ቀን ለጃፓን መሰጠቱን የሚከለክል ነገር በሕገ መንግሥቱ የለም ብሎ ወሰነ። የማኤባሺ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎ በገደብ የታገደ የሦስት ዓመት እስራት ፈረደበት። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለእኛ መዝገብ የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው፤ በሥራ ላይ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ሙግት የትኛው ፍርድ ቤት ይዳኘው ለሚለው እንጂ ይዳኝ ወይስ አይዳኝ ለሚለው አልነበረም። ጂራርድ በሥራ ላይ ነበር ቢባል ኖሮ የሚጠብቀው የአሜሪካ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ነበር።

ከዚያም በላይ የ1951ዱ ስምምነት ለእኛ ሰው አይሠራም። የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች የሚተዳደሩት በሌላ ሥርዓት ነው። ድርጅቱ በ1990 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው የአቋም ስምምነት አርአያ፣ የተልዕኮው ወታደራዊ ክፍል አባላት በአስተናጋጁ አገር ለሚፈጽሙት ማናቸውም ወንጀል ለላኪ አገራቸው ብቸኛ የዳኝነት ሥልጣን ተገዢ እንደሚሆኑ ይገልጻል። «ማናቸውም» ስለሚል፣ በሥራ ላይ ሆነም በእረፍት፣ ቦቴ እየነዳም ይሁን ከካምፕ ሾልኮ ወጥቶ፣ ልዩነት አያመጣም። ይህ ስምምነት በድርጅቱና በአስተናጋጁ አገር መካከል የሚደረግ ነው፤ ላኪው አገር ደግሞ ከድርጅቱ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ይፈራረማል፤ በ2007 እ.ኤ.አ. በተሻሻለው የሰነዱ አርአያ መሠረትም ሥልጣኑን እንደሚጠቀምበት ማረጋገጫ ይሰጣል። በሌላ አነጋገር አስተናጋጁ አገር እጁን የሚሰበስበው ላኪው እጁን እንደሚዘረጋ ቃል ስለገባለት ነው። ወንድምየው «ነፃ» ያለው የርክክብ ደብዳቤ የዚህ ውል ግማሽ ነበር፤ የዐቃቤ ሕጉ ክስ ደግሞ ሌላው ግማሽ።

ረዳቴ በዋዛ አልተረታችም። «ታዲያ አንቀጽ 15 ለምን እዚያው ይዳኛል አለ? አልሸሸም፣ መንግሥት ነው ያመጣው» ብላ ያዘችኝ። ጥያቄዋ ጥሩ ነው፤ እውነቱን ለመናገር አንቀጹ የተጻፈው የጋራ ስምምነት የሌለበትን ሁኔታ በማሰብ ይመስለኛል፤ ይዘቱም በ1949 ዓ.ም. ከወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የወረሰው ነው። ይሁን እንጂ የአንቀጹ የመጀመሪያ ክፍል የሚሠራው የዚያ አገር ፍርድ ቤት መዳኘት ሲችል ነው፤ በስምምነት ሥልጣኑን ከተወ ሰውዬውን ለአንድ ሌሊት ጣቢያ ማሳደሩ ሥልጣን አይፈጥርለትም። አንቀጽ 21 ኢትዮጵያዊ ለውጭ አገር ተላልፎ እንደማይሰጥ፣ በአገሩ ግን እንደሚዳኝ ይናገራል። ሸሽቶ የመጣው ይዳኝ፣ በመንግሥት አውሮፕላን የመጣው አይዳኝ የሚል ሕግ አለ ብሎ መከራከር ደግሞ ለማንም ችሎት አይዋጥም። ጉዳዩ በወታደራዊ ወይስ በመደበኛ ፍርድ ቤት መታየት አለበት የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው፤ ለደንበኛችን የሚያመጣው ጥቅም ስላልታየን አላነሳነውም።

መቃወሚያውን ትተን ክሱን ስናነብ የልጁ አደጋ ያለው ሌላ ቦታ መሆኑን አየን፤ የሥልጣን ክርክሩ ትኩረታችንን ቢወስደው ኖሮ ይህ ሳይታየን ባለፈ ነበር። ዐቃቤ ሕጉ የጠቀሰው የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 3 ነበር። በዚህ አንቀጽ ሥር በንዑስ አንቀጽ 2 የሚከሰስ ሹፌር የሚጠብቀው ከ1 እስከ 5 ዓመት የሚደርስ ቀላል እስራትና መቀጮ ሲሆን፣ ደንብን ሆን ብሎ ጥሶ ሰው የገደለ ግን በንዑስ አንቀጽ 3 ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። የተልዕኮው ቋሚ ትዕዛዝ ከምሽት በኋላ ያለ አጃቢ መንዳትን ይከለክላል፤ አደጋው የደረሰው ከመሸ ነው፤ አጃቢ አልነበረም። ሆን ብሎ ጥሷል የሚባለው በዚህ ነው።

የስምሪት ወረቀቱን በመስኮቱ ብርሃን ላይ አድርጌ ደጋግሜ ያየሁት ያኔ ነው። ረዳቴ ለያለመከሰስ መብት ማስረጃ ብላ ከመቃወሚያው ጋር ያያያዘችው ይኸው ወረቀት፣ የመውጫ ሰዓቱ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎ፣ በላዩ ላይ አንድ መሥመር ተሰርዞበት፣ ከጎኑ በጥቁር ሌላ ሰዓት ተጽፎ፣ አጠገቡ የተረኛ መኮንኑ አጭር ፊርማ ሰፍሮበታል። አሥር አለቃውን ስንጠይቀው፣ የጉድጓዱ ፓምፕ ተበላሽቶ እንደነበር፣ እስኪጠገን መሽቶበት በሬዲዮ ሲያሳውቅ ካምፑ ውኃ ስለሌለው ሞልቶ እንዲመለስ መታዘዙን፣ ሲደርስም መኮንኑ ሰዓቱን አስተካክሎ መፈረሙን ነገረን። «ለምን እስካሁን አልተናገርክም?» ስለው፣ «ጌታዬ፣ ወንድሜ ነፃ ነህ ስላለኝ አዛዤን መክሰስ መስሎኝ ተውኩት» አለኝ።

ያንን ወረቀት ይዘን የተረኛ መኮንኑ ለምስክርነት እንዲጠራልን ጠየቅን፤ ፓምፑ የተጠገነበት መዝገብ ከተልዕኮው በሻለቃው በኩል እንዲመጣም አመለከትን። ሰነዱ እስኪመጣ ቀጠሮው ደጋግሞ ተለወጠ፤ ማስረጃው ሁሉ ያለው በሌላ አገር የሆነ መዝገብ ትዕግሥት ይፈትናል። የተልዕኮው ወታደራዊ ፖሊስ ያነሳው የአደጋ ፕላን ላይ የፍሬን ምልክቱ የሚጀምረው ከተገጨበት ቦታ ጥቂት ቀደም ብሎ ስለነበር፣ ሹፌሩ ሰውየውን አይቶ ፍሬን መያዙን፣ ፍጥነቱ ግን ለዚያ መንገድና ለዚያ ጨለማ የበዛ መሆኑን ያሳይ ነበር። ይህን አልካድንም። ደንበኛችን በፍጥነት መንዳቱን አምኖ፣ በምሽት መውጣቱ ግን በትዕዛዝ መሆኑን ገለጸ። ፍርድ ቤቱ ክሱን ወደ ንዑስ አንቀጽ 2 ዝቅ አድርጎ ጥፋተኛ አለው፤ ቅጣቱም ከመነሻው ብዙ ያልራቀ ቀላል እስራትና መቀጮ ሆነ። ወንድምየው የፈለገው ይህን አልነበረም፤ ይሁንና የ15 ዓመቱን ጣሪያ ካስረዳሁት በኋላ ስለ ነፃነት ደብዳቤው ማንሳቱን ተወ።

ከዚህ በኋላ ወደ አባትየው ጥያቄ ተመለስኩ። ስለ ካሳው ጠይቄ የደረስኩበትን ነገርኳቸው፤ ተልዕኮው በሥራ ላይ ላደረሰው ጉዳት ድርጅቱ ራሱ ካሳ የሚከፍልበት አሠራር አለው፤ ጠቅላላ ጉባኤው በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳለፈው ውሳኔ ለሞትና ለአካል ጉዳት የሚከፈለው ከ50,000 የአሜሪካ ዶላር እንዳይበልጥ፣ ጥያቄውም በመደበኛው በስድስት ወር ውስጥ እንዲቀርብ ተወስኗል። የሟቹ ቤተሰብ በጊዜው አመልክቶ እንደነበር ከሻለቃው ሰምተናል። አባትየው ይህን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ገንዘቡን ከሰጪው ማንነት ለይተው ማየት አልቻሉም፤ በሳቸው ወግ ካሳ የሚከፍለው የገዳይ ወገን ነው፣ የሚቀበለውም የሟች ወገን ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ሽማግሌና ቄስ በመሐል ሆኖ ነው። «እሺ፣ ገንዘቡ ይሁን፤ ፍርዱንስ የሟች አባት ሰምቶታል?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ስሰማ በእኛው አገር የነበረ ነገር ትዝ አለኝ። በ1908 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳይ ጋር በተፈረመው የክሎቡኮውስኪ ውል መሠረት ፈረንሳዊ ሆኖ የተከሰሰ ሰው፣ ከሳሹ ኢትዮጵያዊ እንኳ ቢሆን፣ የሚዳኘው ቆንስሉ ባለበት ችሎት በፈረንሳይ ሕግ ነበር፤ ሌሎች መንግሥታትም ለወዳጅ አገር የሚሰጠውን ተመሳሳይ መብት ጠይቀው ተጠቀሙበት። ጎንደር ከጦርነቱ በፊት የጣሊያን ቆንስላ የነበረባት ከተማ እንደመሆኗ ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ባዕድ አይደለችም። ወታደርና ነጋዴ፣ በተልዕኮ የሄደና ለንግድ የመጣ አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ፤ ሆኖም በራሱ ደጅ የተገደለበት ሰው ፍርዱን በሌላ አገር እንዲጠብቅ ሲነገረው የሚሰማውን ለመገመት እኛ ከብዙዎች ይልቅ ቅርብ ነን። በ1998 እ.ኤ.አ. በሰሜን ጣሊያን ካቫሌዜ አቅራቢያ ዝቅ ብሎ ይበር የነበረ የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር አውሮፕላን የተንጠልጣይ መጓጓዣ ገመድ በጥሶ 20 ሰዎች ሲያልቁ፣ አብራሪው የተዳኘው በአገሩ በኖርዝ ካሮላይና ነበር፤ ከግድያው ክስ ነፃ ሲወጣ ጣሊያኖች የተቆጡት ያላዩት ችሎት ስለወሰነላቸው ጭምር ይመስለኛል።

ፍርዱ ተተርጉሞ ግልባጩ በተልዕኮው በኩል ለሟቹ ቤተሰብ እንዲደርስ አመለከትን፤ ማመልከቻችንም ተቀባይነት አገኘ። ለአባትየውም፣ በ2005 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት የዮርዳኖስ ቋሚ መልዕክተኛ የነበሩት ልዑል ዘይድ ስለ ሰላም አስከባሪዎች የወሲብ ጥቃት ባቀረቡት ሪፖርት፣ ላኪ አገሮች ወታደራዊ ፍርድ ቤቶቻቸውን ወንጀሉ በተፈጸመበት አገር ላይ እንዲያስችሉ ሐሳብ ማቅረባቸውን፣ ይህም ምስክር በቅርብ እንዲገኝና ተጎጂው ወገን ፍርዱን በዓይኑ እንዲያይ ታስቦ መሆኑን አጫወትኳቸው። «ታዲያ ምን ከለከለው?» አሉ። ወጪው፣ የዳኞች ቁጥር ማነስ፣ የየአገሩ ሕግ ከግዛት ውጭ ማስቻልን መፍቀድ አለመፍቀዱ እያልኩ ስዘረዝር አቋረጡኝና፣ «አንድ ሻለቃ ጦር ከነቦቴው በአውሮፕላን ጭኖ የወሰደ፣ ሦስት ዳኛ መጫን ያቅተዋል?» አሉኝ። ይህ ጥያቄ በአቤቱታችን ላይ የሚሰፍርበት ቦታ ስላልነበረው እዚህ ጽፌዋለሁ።